«እሱንስ ምን ያዘው?» ይሉ የነበሩት አጎቴ

አጎቴ ደብረ ወርቅ አጠገብ የፍየል ቆዳ እየወጠሩ ብራና ይፍቁ ነበር። ምንም ነገር ቢነግሯቸው «እሱንስ ምን ያዘው?» ይላሉ። የሚኒባስ በር በሽቦ ታስሮ ካዩ፣ ሽቦውን ምን እንደያዘው ሳይመረምሩ አይሳፈሩም።

እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አስተማሪ ያላስፈለገኝ ሰው ነኝ። የልጅ ልጄን የባዮሎጂ መጽሐፍ ካነበብሁ ወዲህ እስከ ይጁቤ ድረስ በሕዋስ ነገር የሚስተካከለኝ የለም። አንድ ቀን እሳቸውንም ላስተምር ሄድሁ።

«ጋሼ፣ ይኼ ቆዳ ኮላጅን የሚባል ገመድ ነው። ሕዋሱን ከገመዱ ጋር የሚያገናኝ ፋይብሮኔክቲን የሚባል ፕሮቲን አለ።»

«ታዲያ እኔ የምፍቀው ምኑን ነው?»

«ሕዋሱን። የሚቀርልዎ ገመዱ ነው።»

«ሃምሳ ዓመት ሳላቅቃቸው ኖሬ፣ መያያዛቸውን አንተ ልትነግረኝ መጣህ?» ብለው ሳቁ። «ለመሆኑ ያን ፕሮቲን ሕዋሱ ላይ ምን ያዘው?»

 ይኼ በልጅ ልጄ መጽሐፍ ውስጥ አልነበረም። ደብረ ማርቆስ ሄጄ ሌላ መጽሐፍ አገላበጥሁና አገኘሁት፤ ኢንተግሪን የሚባል ሌላ ፕሮቲን የሕዋሱን ሽፋን አልፎ ገብቶ ከውስጥ ክሮች ጋር ይታሰራል። መልሱን ይዤ ስመለስ አጎቴ አርፈው ደረስሁ።

በተዝካራቸው ዕለት ተነሥቼ ሁሉንም አብራራሁ። ካህናቱ «ዕፁብ ነው» አሉና ወደ ምግባቸው ተመለሱ። እኔ ግን ግማሹ ሳይፋቅ ተወጥሮ የቀረውን ቆዳ እያየሁ ቆሜ ጠበቅሁ። ክሮቹንስ ምን እንደያዛቸው አንብቤ ተዘጋጅቼ ነበር፤ የጠየቀኝ ግን የለም።