መርሳ፣ እሷ እንደምትጽፈው

ኢንተርኔት ለብዙ ጊዜ ተቋርጦ በተመለሰ ሰሞን፣ መርሳ ዋናው መንገድ ዳር ወዳለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቴ አንድ ሽማግሌ መጡ። በሲሪንቃ በኩል የማንጎ ችግኝ እያዳቀሉ የሚሸጡ ገበሬ ናቸው። ለወልድያ ሆቴሎች ድረ ገጽ መሥራቴን ሰምተው ኖሮ ለእሳቸውም እንድሠራላቸው ጠየቁኝ።

መጀመሪያ ስለ አድራሻው ስም አስረዳኋቸው። ችግኝ ፈላጊ የአንቱን ስም አያውቅም፤ ስልኩ ላይ የሚጽፈው ማንጎ እና መርሳ ብሎ ነው። ስለዚህ አድራሻው ሁለቱን ቃላት ይያዝ፣ አጭር ይሁን፣ በላቲን ፊደል ሲጻፍም ሰው ሁሉ በለመደው አጻጻፍ ይሁን አልኳቸው። አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ከዚያ ከኮታቸው ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ አሮጌ ስልክ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ።

"ልጄ፣ መርሳን እሷ እንዴት አድርጋ እንደምትጽፈው እይልኝ" አሉ።

ስልኩ ሴት ልጃቸው ስትሄድ ሲም ካርዱን አውጥታ ለእናቷ ትታው የሄደችው ነበር። ማዳቀሉን ተምራ ለአባቷ ያሳየች እሷ ናት። በጅቡቲ አድርጋ ወደ ሳዑዲ ለመሻገር ከወጣች ሁለት ዓመት አልፏል። ባሕሩ ዳር ደርሳ አንድ ጊዜ ደውላለች፤ ከዚያ በኋላ ድምፅዋ አልተሰማም። የአባቷ የድሮ ቁጥርም በጦርነቱ ግርግር ሲሸሹ ከነስልኩ ጠፍቷል። ለጓደኞቿ የላከቻቸውን መልእክቶች አንድ በአንድ አየሁ። መርሳን ሁልጊዜ በሁለት ኤስ ነበር የምትጽፈው።

እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ ሌላ ሰው እንደሌለ፣ በዚህ ስም ከወጣ ገዢ እንደማያገኛቸው ነገርኳቸው።

"ገዢው ገበያ መጥቶ ያገኘኛል" አሉ። "እሷ ግን በምን ታግኘኝ? አንድ ቀን ስልክ እጇ ከገባ፣ ኢንሻአላህ፣ የአገሯን ስም ትጽፋለች።"

አዲስ አበባ ያለ ወዳጄ በካርዱ እንዲከፍልልን ለምኜ ባለሁለት ኤሱን አስመዘገብኩ። የልጅቷን ፎቶ አኖርኩ፣ ካለችበት እንድትደውል ጻፍኩ፣ የአባቷን አዲስ ቁጥር ከላይ በትልቁ አስገባሁ። ገጹ እንዲያምርም ችግኞቹ በምንጭ ውሃ ያደጉ ናቸው ብዬ ጨመርኩበት። ምንጭ የሚባል ነገር የለም፤ ውሃው ከወንዝ የተጠለፈ የመስኖ ቦይ ነው።

ለወራት ማንም አልደወለም። አንድ ጠዋት ሽማግሌው ፊታቸው በርቶ መጡ። ከውጭ አንድ ሰው ደውሎ ልጅዎ እኔ ዘንድ ናት፣ ገንዘብ ከላኩ እለቃታለሁ ብሏቸዋል። በሬያቸውን ሐራ ገበያ ሊያወርዱ ሲሆን መንገዳቸውን የመጡት ደስታቸውን ሊነግሩኝ ነው።

"በእርግጥ እሷ ናት" አሉኝ። "በምንጭ ውሃ ያሳደግነው ማንጎ ይናፍቃታል አለኝ።"

ዝም ብላቸው በሬው ይሸጣል፤ ብናገር ደግሞ ያ በፊታቸው ላይ ያየሁት ብርሃን ይጠፋል።

"አባባ፣ አትክልቱ አጠገብ ምንጭ አለ እንዴ?"

"የለም።"

"እሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰውዬው ያነበበው የኔን ጽሑፍ ነው።"

ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። "እንግዲያ በሕይወት አለች ያለኝም..." አሉና ሳይጨርሱት ቀሩ። ይቅርታ ስጠይቃቸው እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙኝ። ለሞተ ሰው የሚባለውን ዱዓ አላሉም፤ ሞተች ያላቸው የለምና። አላለቀሱም። ስልኩን መልሰው በላስቲኩ ጠቀለሉና ገጹን እንዳላጠፋው አደራ ብለውኝ ወጡ። በመስኮቱ ሳያቸው ወደ ሐራ ሳይሆን ወደ ቤታቸው ነበር የሄዱት።

ያን ዕለት የምንጩን ዓረፍተ ነገር አወጣሁት። በፈቃዳቸውም የእሳቸውን ቁጥር ሰርዤ የራሴን አስገባሁ። ከዚያ ወዲህ የሚደወለው ለእኔ ነው። አንዳንዱ ችግኝ ይፈልጋል፤ ወደ ሽማግሌው እልከዋለሁ። ልጅቷን አውቃታለሁ የሚሉም አሉ። ሁለት ሦስት ነገር እጠይቃቸውና ሲንተባተቡ ስልኩን እዘጋባቸዋለሁ፤ ለአባቷም አልነግራቸውም። ከዘጋሁባቸው ውስጥ አንዱ እውነቱን ተናግሮ እንደሆነ ግን አላውቅም።