ጋሼ ታደለ ሳይጨርሱ የተዉት የፕሬዚዳንቱ ታሪክ

አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ሰፈር ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ ለማታ ሺፍት ስትወጣ እኔንና ታናሽ እህቴን ቤዛን የምትተወን ጎረቤታችን ጋሼ ታደለ ዘንድ ነበር። ጋሼ ታደለ ቀን ሆሊውድ ፓርኪንግ ይሠራሉ፣ ማታ ለሲትዝንሺፕ፣ ለዜግነቱ ፈተና ያጠናሉ። ስለዚህ ሌላው ሽማግሌ ለልጅ የጅብና የቀበሮ ተረት ሲያወራ፣ እሳቸው ያኔ የሚያወሩልን ስለ መጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነበር፤ ስለዚያ አንድ ዶላር ላይ ስላለው ሰውዬ። አስተማሪያቸው የነገራቸውን የራሳቸውን ቅመም ጨምረው ሲያወሩት፣ የሰፈራቸውን ባላባት የሚያሙ ነበር የሚመስሉት።

«እስቲ እዩት» ይሉና ዶላሩን አምፖሉ ሥር ይዘረጉታል። «አፉን ለምን እንዲህ ገጠመ? ጥርስ የለውማ! ሲሾም የቀረችው አንዲት ጥርስ ናት። የተሠራለት ጥርስ ደግሞ ሞላ አለው፤ አፉን ቢከፍት ተፈናጥሮ ሚኒስትሩን ይነክሳል!»

ቤዛ ወለሉ ላይ እየተንከባለለች ትስቃለች። «ጥርሱ ከምን ተሠራ ጋሼ?»

«ከዝሆን፣ ከላም…» ይሉና ድምፃቸው ዝቅ ይላል። «የሰውም ነበረበት ይባላል። የባሪያዎቹ።»

እኔ በሰው ጥርስ የሚስቅብኝ እየመሰለኝ፣ ዶላር ሲሰጠኝ ፊቱን ወደ ታች አድርጌ ነበር የምይዘው።

አንድ ዓመት መስከረም ላይ ከከተማው በላይ ያለው ጋራ ተቃጠለ። ጭሱ ሰፈራችን ድረስ ወርዶ ፀሐይዋን ደም አስመሰላት፤ የቆሙት መኪናዎች ላይ አመድ እንደ ካፊያ ይወርዳል፤ ከመሸ በኋላ መብራትም ጠፋ። ቤዛ ጉሮሮዋን ካመማት ሰንብቶ ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን ምራቋን መዋጥ አቅቷት በአፏ ጥግ ይፈስ ጀመር። ማታ ሺፍት የገባችው እናታችን ስልክ አታነሳም። ከታች ፎቅ የሚኖሩት እትዬ የሺ መጡና አፏን ከፍተው በሻማ አዩ።

«እንጥሏ ወርዷል» አሉ። «አሁኑኑ መቆረጥ አለበት።»

እትዬ የሺ አገር ቤት የሰፈሩን ልጅ ሁሉ እንጥል የቆረጡ፣ እጃቸው የተመሰገነ ሴት ናቸው። ማንም አልተጠራጠረም፤ እኔም ልትድን ነው ብዬ ደስ አለኝ። አዲስ ምላጭ ድስት ውስጥ ጨምረው ውኃውን ጣዱት።

«ታዴ፣ አንተ እጇን ትይዛለህ። እስኪፈላ አጫውታት፣ እንዳትፈራ።»

ጋሼ ታደለ ቤዛን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ከሁሉም የሚያስቀንን ጀመሩላት፣ የዶላሩን ሰውዬ አሟሟት። «በዝናብ ፈረስ ሲጋልብ ውሎ ከነርጥብ ልብሱ እራት ቀረበ፤ እንግዳ አስጠበቀ እንዳይባል! ከዚያ ጉሮሮው ተዘጋ። በሽታው እንዲወጣልኝ ደሜን ቅዱልኝ አለ፤ ቀዱለት። ሐኪም መጣ፣ ቀዳ። ሌላ መጣ፣ እሱም ቀዳ። ሚስቱ ኧረ በዛ ብትል ማን ይስማት…»

ሌላ ጊዜ እዚህ ላይ ሲደርሱ ተነስተው፣ ሐኪሞቹ ሳህን ይዘው እርስ በርስ ሲጋጩ እያስመሰሉ በሳቅ ይገድሉን ነበር። ያን ማታ ግን «ትንፋሹ እያጠረ…» አሉና አቋረጡት። የቤዛ ትንፋሽ ሲር ሲር ይላል። ምላጩ በሚፈላው ውኃ ውስጥ ድስቱን ይመታል።

«ቀጥል እንጂ፣ ምን ሆንክ?» አሉ እትዬ የሺ።

ጋሼ ታደለ ተነስተው ጋዙን አጠፉት። «እትዬ፣ አይነኳትም።»

«ምን? ያንተስ አልተቆረጠም? ሞትክ?»

«አልሞትኩም። ግን ያ ሁሉ ሐኪም እኮ ሊያድነው ነበር የመጣው።»

«የፈረንጅ ተረት ሰምተህ ልጅቷን ልትገድላት ነው! ብትታፈን በእጅህ ናት!»

«ኦኬ፣ በእጄ ትሁን» አሉና በብርድ ልብስ ጠቅልለው ወደ መኪናው ሮጡ፤ እኔም ተከተልኩ። የትራፊክ መብራቱ ሁሉ ጠፍቷል፣ መንገዱ በጭስ አይታይም። አቡነ ዘበሰማያት እጀምራለሁ፣ መሃል ላይ ይጠፋብኛል፣ እንደገና እጀምራለሁ። ሆስፒታሉ ኢመርጀንሲ ስንደርስ ነርሶቹ ከጋሼ ታደለ እጅ ነጥቀው አስገቧት።

ሐኪሙ በኋላ እንደነገረን፣ እንጥሏ ምንም አልሆነም ነበር፤ ከጉሮሮዋ ጎን መግል ቋጥሮ ነው። ምላጭ ቢነካት ኖሮ ደሙና መግሉ ወደ ሳንባዋ ወርዶ እዚያው ጋሼ ታደለ ጭን ላይ ትቀር ነበር።

በማግስቱ እትዬ የሺ ሆስፒታል መጡ። ቤዛ መግሉ ወጥቶላት ተኝታለች። ግርጌዋ ተቀምጠው ብዙ ጊዜ እጃቸውን ሲያዩ ቆዩ። «አገር ቤትስ…» ብለው ጀመሩ፣ አልጨረሱትም። ያኔ አልገባኝም፤ አሁን የትኞቹን ልጆች እያስታወሱ እንደነበር ይገባኛል።

እትዬ የሺ ክፉ ሰው አልነበሩም። ለኛ ሲጾሙ፣ ለኛ ሲሳሉ የኖሩ ሴት ናቸው። እኔም ትምህርቴ አልገፋም፣ ብዙ ነገር አላውቅም፤ አውቃለሁ ብዬ ግን ለልጆቼ የምቸኩልበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ማታ ስጸልይ ከክፉ ሰው ሰውረኝ ብቻ ብዬ አላበቃም። ጌታ ሆይ፣ የምወደውን ላድን ብዬ ስነሳ እጄን ያዝልኝ እላለሁ።