አስካለማርያም ሳትጠይቅ የቆመችበት ሰልፍ

በደርግ ጊዜ ኮልፌ ውስጥ ሰልፍ አይታ ማለፍ የማይሆንላት አንዲት ልጅ ነበረች፤ አስካለማርያም በየነ። ክፉ አልነበረችም፤ ስስታምም አልነበረችም። ብቻ አሥር ሰው ተከታትሎ ቆሞ ካየች ልቧ «ሊያልቅ ነው!» ይላታል። መጀመሪያ ትሰለፋለች፤ የሚሸጠውን የምታውቀው የቀበሌው ኅብረት ሱቅ መስኮት ጋ ስትደርስ ነው። እንዲህ እያለች እናቷና እህቷ ብቻ ወዳሉበት ቤት ስድስት የጢም መላጫ አስገባች። ሁለቱም የግራ እግር የሆነ ቦት ጫማም ገዛች። «ቀኙ ሲመጣ እሰለፋለሁ» አለች።

ጎረቤቷ እማማ ወለተጻድቅ ግን ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ቆም ይሉና፣ «ለመሆኑ ቤቴ ምን ጎደለ?» ብለው ራሳቸውን ይጠይቃሉ። ብዙውን ጊዜ ምንም።

«አስካልዬ፣ አንቺም እስቲ ትንሽ ተንፍሽ» ይሏታል።

«እማማ፣ እርስዎ ሲተነፍሱ እኮ ስኳሩ ያልቃል!»

እጮኛዋ አምሐ፣ አየር ጤና ጋራዥ የሚሠራ ዝምተኛ ሰው፣ የጥቅምት ሠርጋቸው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቁርጡን ነገራት።

«ከእንግዲህ አንድ የማያስፈልግ ዕቃ ይዘሽ ብትመጪ፣ ሠርጉ ቀረ።»

እንደማትገዛ ማለች። ስምንት ቀን ቻለችው። በዘጠነኛው ቀን ቀበሌው ደጃፍ ረጅም ሰልፍ አየች። የተሰለፈው ሁሉ ፊቱን አጨፍግጓል። «ሊያልቅ ቢሆን ነው፤ ለሠርጉ ቅቤ ደግሞ ያስፈልጋል» ብላ ራሷን አሳመነችና ቆመች።

ተራዋ ሲደርስ የቀበሌው ጸሐፊ ጓድ ነገሬ ቀና አለ። «በፈቃድሽ ነው?»

«በደስታ!»

ስሟን ጻፈ።

«ለሰው ስንት ስንት ይደርሳል?»

ነገሬ ግር አለው። «አንድ ሰው የሚመዘገበው አንዴ ነው።»

«እንግዲያው ለእህቴ ለእሙም ይጨመርልኝ፣ በእናትዎ!»

የተመዘገበችው ለሁለት ወር የቡና ለቀማ ዘመቻ ነበር።

አምሐ ቀበሌ ሄዶ ለመነ።

«ወንድሜ» አለው ነገሬ፣ «ሌላውን ጎትተን ነው ያመጣነው። እሷ እህቷን ጨምራ ተመዘገበች! በምሳሌነት ሪፖርት ያደረግናትን እንዴት እንሰርዛት?»

አምሐ ሲወጣ አንድ ነገር አሰበ፤ የዛተው ዕቃ ይዛ ከመጣች ብሎ ነበር። እሷ ምንም አላመጣችም፤ ራሷ ተወሰደች እንጂ። ብቻውን መንገድ ላይ ሳቀ፤ ሠርጉንም ወደ ጥር አዛወረ። እሙ ግን ከእህቷ ጋር በአንድ ድንኳን እያደረች ሁለቱን ወር ሙሉ አኮረፈቻት።

ከሠርጉ ወዲያ አስካለማርያም ሰልፍ ስታይ ቀጥ ብላ ወደ ፊት መሄድ ጀመረች።

«ሴትዮ፣ ወደ ኋላ!»

«ልገዛ አይደለም፤ ምን እንደሆነ ልጠይቅ ነው።»

«ሁሉም እንዲህ እያለ ነው የሚገባው!»

እየገፈተሩ ያስወጧታል። ምን እንደሚሸጥ ሳታውቅ፣ ባዶ እጇን ቤቷ ትገባለች፤ አምሐም አንድ ቀን እንኳ አማርሮ አያውቅም።