የክርስትና ልጄ ሳሙና

ነገሩ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ሱቅ ገብቼ የሕፃን ሳሙና ባየሁ ቁጥር ግን ትዝ ይለኛል። ባለ ሱቁ ምን እንደሚያስቀኝ እስኪጠይቀኝ ድረስ ብቻዬን እስቃለሁ።

እኔ አዳማ ተወልጄ ያደግኩ፣ በሥራ ምክንያት ባሕር ዳር የገባሁ ሴት ነኝ። ባለቤቴ ደሳለኝ ግን የዚሁ አገር ሰው ነው፤ ከእኔ በፊት ሞተር ሳይክሉን አግብቷል። በእረፍት ቀኑ አስፋልት የሌለበትን መንገድ እየፈለገ በጭቃና በድንጋይ ላይ ሲነዳ ይውላል። ሲመለስ ደግሞ ትምህርቱ ለእኔ ነው። የፍሬን እጀታ ቢሰበር እንዲህ ይታሰራል፣ የቤንዚን ታንከር ቢሰነጠቅ ሳሙና ይለጠፍበታል፣ ጎማ ተንፍሶ መለጠፊያ ቢጠፋ ሣር ይጠቀጠቅበታል። ሌላው ባል ለሚስቱ ጣፋጭ ወሬ ያወራል፤ የእኔው ይህንን። እኔም በአንዱ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰዋለሁ።

የሥራ ባልደረባዬ ይርጋለም ሴት ልጅ ወለደችና ክርስትና አንሺልኝ አለችኝ። እኔና ደሳለኝ ልጅ አልወለድንም። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አላወራም፤ የጠየቀችኝ ቀን ግን በር ዘግቼ አልቅሻለሁ። ዘመድ በሌለኝ አገር እናት ልባል ነው።

ይርጋለም የታረሰችው ከዘጌ መንገድ ወዲያ፣ ሐይቁ ዳር እናቷ ቤት ነው። ክርስትናውም እዚያው ደብር፣ ልጅቷ ሰማንያ ቀን በሚሞላት እሑድ፣ ቅዳሴ ሳይገባ ማለዳ ነበር። ክርስትና እናት ከዘገየች ካህናቱ እስክትመጣ አይቆሙም። ከዘመድ አንዷ ትጠራና ሕፃኗን ትቀበላለች፤ በቃ፣ የእሷ የክርስትና ልጅ ሆነች።

ዋዜማውን ሥራ ላይ ስለዋልኩ ጎሕ ሲቀድ ከሰፈራችን ከፋሲሎ ተነሣን። ነጭ ልብሴን ለብሻለሁ፤ ዘንቢሌ ውስጥ ለልጅቷ የገዛሁት ነጭ ልብስ፣ ማተብና አንድ ሳሙና አለ። ደሳለኝ ዘንቢሉን ከሞተሩ ኋላ ሊያስር ሲል የመሣሪያ ቦርሳው ቦታውን ይዞበታል። ያ ቦርሳ ከሞተሩ ተለይቶ አያውቅም። የዚያን ቀን ግን ቅባቱ ልብስሽን ይነካብሻል ብሎ ፈታውና ቤት አስቀረው። ከፍቅር በቀር ምን ይባላል?

መንገዱን ዝናብ ሸርሽሮታል። አንድ ቦይ ስንሻገር ሞተሩ ተንሸራተተና ድንጋይ ላይ ተኛ። እኛ ምንም አልሆንንም፤ ካቴናው ግን ወለቀ፣ የቤንዚን ታንከሩም ከሥሩ ተሰንጥቆ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ደሳለኝ እንደ ልማዱ እጁን ወደ ቦርሳው ሲሰድ ዘንቢሌን ያዘ። ከዚያ ዓይን ዓይኔን ያየኝ ጀመር።

"ሳሙና ይዘሻል አይደል?" አለኝ።

የልጅቷ ነው ብዬ ተከራከርኩ። ቤንዚኑ ከፈሰሰ ልጅቷ ጋ መድረስም የለ አለኝ፤ ሳሙናውን አወጣሁለት። ስንጥቁን በጨርቅ አድርቆ የሳሙናውን ግማሽ እንደ ሊጥ እያሸ ደፈነው፤ ጠብታው ቆመ። ካቴናውን ስንመልስ እሱ ጎማውን ሲያዞር ያዥዋ እኔ ነበርኩና እጄ እስከ አንጓው ጠቆረ።

ትንሽ እንደሄድን የኋላው ጎማ ተነፈሰ። አንዲት እሾህ ናት። መለጠፊያውም መንፊያውም ቦርሳው ውስጥ ነው፤ ቦርሳው ቤት ነው። መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ልጄን ሌላ ሴት ልትታቀፍብኝ ነው እያልኩ አለቀስኩ። ደሳለኝ ጎንበስ ብሎ ሣር ይነጭ ጀመር።

በዚህ መሀል ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ደረሱ። አያ ጥጋቡ ይባላሉ። ቤታቸው እዚያው ሐይቁ ዳር ነው፤ ደንገል በሚባለው የሐይቅ ሣር ታንኳ ይሠራሉ፤ የዚያን ዕለት ግን ወደ ቅዳሴ መሄዳቸው ነበር። ሰው በሰንበት ሣር ሲነጭ ሲያዩ ደነገጡ። ደሳለኝ ጭንቃችንን አስረዳቸው። አሰብ አደረጉና እንዲህ አሉ፦

"በሰንበትስ ሣር አይታጨድም። እኔ ግን ቀደም ብዬ ያጨድሁት ደንገል አለ። ለታንኳ ብየ ነበር። የታጨደ ነው፣ ነውር የለበትም፤ ውሰዱት።"

ሞተሩን እየገፋን ቤታቸው ደረስን፤ ደንገሉ ደጃቸው ላይ ተደግፎ ነበር። ባለቤታቸው ሁለት የብረት ጭልፋ አመጡልን፤ በጭልፎቹ እጀታ ጎማውን ከቸርኬው አላቀቅነው። የውስጡን ጎማ፣ ካላማዳሪውን፣ አወጣንና በቦታው ደንገሉን እያጠፍን ጠቀጠቅን። ደሳለኝ በቃ ሲል አያ ጥጋቡ ገና ነው እያሉ ይጨምራሉ፤ ታንኳ ሲያስሩ የለመዱት እንደዚያ ነው። ጎማው አልመለስ ሲል የቀረችውን ግማሽ ሳሙና በውሃ አሟሙተን ጠርዙን ቀባነው፤ ሾልኮ ገባ። አያ ጥጋቡም ካህናቱን ልለምናቸው ብለው በአቋራጭ ቀደሙ። እኛ እንደ ታማሚ ቀስ እያልን ተከተልን፤ እሳቸው በእግራቸው ቀድመውን ደረሱ።

ከደብሩ ቅጥር ውጭ ስንቆም ይርጋለም እየሮጠች መጣች። ካህኑ ስለ አያ ጥጋቡ ልመና ጥቂት ታግሠዋል፤ አሁን ግን የይርጋለም አክስት ልጅቷን ለመቀበል ተጠርተዋል። ልሮጥ ስል እጄን አየሁት። ከጥምቀት የወጣች ሕፃን በዚህ እጅ እንዴት ትታቀፋለች? በውሃ ብታጠብ ባሰበት። ሳሙና ብዬ ዞር ስል ደሳለኝ ታንከሩ ሥር ተንበርክኳል።

የደፈነበትን ሳሙና በጥፍሩ ፈልቅቆ አወጣው። መጀመሪያ በሚፈሰው ቤንዚን ቅባቱን አስለቀቀልኝ። ከዚያ በአንድ እጁ ስንጥቁን ይዞ፣ በሌላው ሳሙናውን እያሸ፣ ይርጋለም ውሃ እያፈሰሰች፣ ጣት በጣት አጠበኝ። ሳሙናው እጄ ላይ አለቀ። እንዴት ልንመለስ ነው ብዬ ብጠይቀው አልሰማኝም።

"አንቺ ሂጂ" አለኝ። "ደግሞ ጧፍ እንዳትይዢ። ቤንዚን ቤንዚን ትሸቻለሽ።"

ደረስኩ። ዲያቆኑ ጧፍ ሲሰጠኝ እጄን ወደ ኋላዬ ሰበሰብኩ፤ ገረመው። ካህኑ ልጅቷን አጥምቀው ሲያወጧት በነጩ ልብስ ተቀበልኳት። እጄ ሸተታት መሰለኝ አስነጠሰች። ደረቴ ላይ አስጠግቼ አለቀስኩ፤ የመንገዱ ለቅሶ ግን አልነበረም።

ቅዳሴው አልቆ ስወጣ ደሳለኝን እዚያው አገኘሁት። መሬት ተቀምጦ፣ ጣቱን ስንጥቁ ላይ እንዳደረገ ነው። ያን ሁሉ ብልሃት የሚያውቅ ሰው ጄሪካን መለመን እንዴት አልመጣልህም አልኩት።

"አላሰብሁትም" አለኝ። "አቀፍሻት?"

አቀፍኳት አልኩት። ፊቱ ሲበራ አያ ጥጋቡ ከኋላዬ መጥተው ባልሽ ከሞተሩ ጋር ሆኖ አስቀደሰ ብለው ሳቁብን።

አሁን ታንከሩ ተበይዷል። አያ ጥጋቡ ሌላ ደንገል አጭደው ታንኳቸውን ሠርተዋል፤ ባገኙን ቁጥር ስለ ጎማው ጤና ይጠይቁናል። ልጄ አድጋለች፤ ስትመጣ ከእኔ በፊት ሞተሩ ላይ ነው የምትወጣው። የመሣሪያ ቦርሳውም ዳግመኛ ቤት ቀርቶ አያውቅም።

በቅርቡ ያን ቦርሳ ሳጸዳ ሁለት ሳሙና አገኘሁ። አንዱ የልብስ ነው፤ ሌላው ወረቀቱ ያልተፈታ የሕፃን ሳሙና። ሁለት ምን ያደርግልሃል አልኩት።

"አንዱ ለታንከሩ ነው" አለኝ። "ሁለተኛው ለእጅሽ።"

ከዚያ ወዲህ ስለ ሞተር ሲያወራ በሁለቱም ጆሮዬ እሰማዋለሁ።