«ጋራዥ ናት»

ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ስለ ፒክአፑ ሲጠይቁት ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበረው፦ «ጋራዥ ናት»። አባባሉ ልጁ ኮሌጅ የገባለት አባት ነበር የሚያስመስለው። መካኒሳ ሰፈር «ባለመኪናው» ነው የሚሉት፤ እሱ ግን ከእኔ በላይ በእግሩ የሚሄድ ሰው ነበር።

መኪናዋ ከመጃጀቷ የተነሳ የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ሞልቶ እንደገና ከዜሮ ጀምሯል። ጤነኛ ሰው ይህን ሲያይ ያዝናል። የኔው ጉድ ግን «አየሽ፣ አዲስ ሆነች» አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን ባየው የምሩን ነው። ጊዜው የደርግ ነው፤ ቤንዚን የሚታደለው በራሽን ነው። ያቺኑ ጠብታ ጠዋት ጠዋት ደጃችን ላይ ሞተር እያስጮኸ ይጨርሳታል፣ ጎረቤት እንዲሰማለት።

እኔ ድንችና ሽንኩርት ቸርቻሪ ነበርኩ፤ ቤቱ የሚበላው ከዚያ ነው። አንድ ክረምት መኪናዋ ሀና ማርያም ዳገቱ ላይ ከነጭነቴ ቆመችና ድንቼ ዝናብ ጠጥቶ በሰበሰ። ደንበኞቼ ወደ ሌላ ሴት ሄዱ። እንዲያ ያለ ሳምንት አንዴ ቢደገም መደቤን መዝጋቴ ነበር።

«እሷን ሸጠን ጋሪና ፈረስ እንግዛ» አልኩት።

«እኔ? ጋሪ ልነዳ?»

«ከፈለግክ ተሸከመው፤ ድንቹ ብቻ ይድረስልኝ።»

አኩርፎ ጋራዥ ሄደ። መካኒኩ አመሉን ያውቀዋል፤ «ጋሼ፣ ሞተሯ እኮ ገና ነው» ይለዋል፤ እሱም እንደ ሙሽራ ፈክቶ ይመለሳል። ፍሪሲዮን ተቀየረ፣ ካምቢዮ ወረደ፤ እሷ ግን ወይ ፍንክች። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ ይሉ የለ።

አገር ቤት ለቅሶ በሄደበት ጋሪ ሠሪ ጠራሁ። የኋላ ጎማዎቿን ጭነት ከሚሸከመው ከባሌስትራቸው ጋር አስፈትቼ ጋሪ አሠራሁባቸው። የቀረውን ብረት ለቆራሌዎች ሸጬ ፈረስ ገዛሁ። ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ ዛሬም አልጠይቅም።

ሲመለስ ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ጋሪዋን ዞሮ ዞሮ አየና እንደ ልማዱ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ።

«ባሌስትራው የኔ ነው?»

«ያንተ ነው።»

በማግስቱ ልጓም ይዞ ሽንኩርቴን መደቤ ድረስ አመጣልኝ። ውሎ አድሮ ደንበኞቼም ተመለሱ። ታዲያ አንድ ቀን አንዱ ነገረኛ፣ «ባለመኪናው፣ መኪናዋስ?» አለው።

«ጋራዥ ናት» አለ፣ ጆንያው ላይ እንደተቀመጠ። ሀፍረት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። እኔ ቀና ብዬ ማየቱም አስጠላኝ፤ ሽንኩርቴን መዘንኩ።

እስኪሞት ድረስ እንዲሁ እያለ ነዳት። በሰልስቱ ከሩቅ የመጣ ዘመዱ ድንኳን ውስጥ ጠጋ አለኝና፣ «ያቺ መኪናውስ የት ደረሰች?» ሲል ጠየቀኝ። ጋሪዋ ደጅ ቆማለች፤ ሲገባ የጫማውን ጭቃ የጠረገው ጎማዋ ላይ ነው።

«ጋራዥ ናት» አልኩት።