በሌላ ስም የጻፍኩት ቀልድ

ፌስቡክ ላይ ሁለት ስም ነበረኝ። በአንዱ መምህር ነኝ፤ የበዓል መልካም ምኞት እለጥፋለሁ። በሌላው አላጋጭ ነኝ፤ ከተማችን መካነ ሰላም ውስጥ ያልነካካሁት ሰው የለም። ማን እንደሆንኩ አለመታወቁን እንደ ጉብዝና እቆጥረው ነበር።

አንድ ሰሞን የከተማችን ገጽ ላይ የሁለት ሰፈር ወጣቶች ይሰዳደባሉ። ወፍጮ ቤት ያላቸው ሽማግሌ ጎረቤቴ መሀል ገቡና «ልጆቼ፣ ተኳርፎ መክረም ነውር ነው፤ ይቅር ተባባሉ» ብለው ጻፉ። እኚሁ ሰው አጅባር ከተማ ካሉት ታላቅ ወንድማቸው ጋር በአባታቸው መሬት ተጣልተው ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም። ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ፊታቸው ላይ የሚያነሣው ግን የለም። እኔ አነሣሁት፣ ያውም በሐሰቱ ስሜ፦

«አባታችን አገሩን አስታርቀው ጨርሰዋል። የቀረቻቸው አጅባር ናት፤ እሷም ኔትወርክ የላትም መሰል።»

ሳቁ ጎረፈ። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ያለም ነበር። አስመሳይ ተባሉ፣ ግብዝ ተባሉ። እኔ እውነት ተናገርኩ እንጂ ምን አደረግሁ እያልኩ ስልኬን በየደቂቃው አያለሁ። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

በሳምንቱ ስንዴ ላስፈጭ ስሄድ ሽማግሌው ወንበር ሳቡልኝ።

«መምህር፣ ለአረፋ አጅባር ልሄድ ነበር» አሉኝ። «ወንድሜን አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ልለው ቆርጬ፣ ጋቢም ገዝቼለት ነበር። አሁን ብሄድ ፌስቡክ አሳፍሮት መጣ ነው የሚለኝ። ምን ብዬ አሳምነዋለሁ?»

የስንዴ ከረጢቴን ወደ ሚዛኑ አስጠጋሁ።

«አንተ የታመንክ ሰው ነህ። ቀድመህ ሂድና ንገርልኝ። ያሰብኩት ከዚያ ወሬ በፊት መሆኑን መስክርልኝ።»

በቁሜ አፈርኩ። እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ ማለትም አቃተኝ።

ቅዳሜ ሁለት መኪና ቀይሬ አጅባር ገባሁ። ታላቅየው በአክብሮት ተቀበሉኝ፤ መልእክቴን እስክጨርስ ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው የገዛ ጽሑፌን አሳዩኝ። ሳዑዲ ያለች ልጃቸው ናት የላከችላቸው።

«ዘጠኝ ዓመት ያልመጣውን ሰው ይቺ ናት ያስነሣችው» አሉ። «ሰው ቢስቅበት እንጂ እኔ ናፍቄው አይደለም። በል ንገረው፣ አይምጣብኝ።»

ወንድማቸው ከዚያ ጽሑፍ በፊት እንዳሰቡት ደግሜ ነገርኳቸው። በምን አወቅህ አሉኝ። እሳቸው ነገሩኝ አልኩ።

«ይልቅ ይህን የጻፈውን ልጅ አላህ ይጠብቀው» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። «የሆዴን ነው የተናገረልኝ። ዕድሜ ይስጠው፣ ከክፉ ይሰውረው።»

እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲመርቅ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እጁን ዘርግቶ ይቀበላል እንጂ ዝም አይልም። ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ታላቅየው እጃቸውን እንደዘረጉ አሻግረው እያዩ ጠበቁኝ።

እጄን ዘርግቼ «አሚን» አልኩ።