ባሕሩ ዳር ጫማ ስጠብቅ

ዓለምን መዞር የፈጀብኝ ቡሬ ላይ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ለጭነት መኪና መግቢያ የሚመች አንድ የበርበሬ መጋዘን ነው። ከነቆርቆሮው፣ ከነሚዛኑ፣ ከነደንበኛው ሸጥሁት። ገዢው ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል። እንደዚያ የሚያጎነብስ ገዢ ምን ያህል እንዳተረፈ ነጋዴ ያውቀዋል።

ነገሩ የተጀመረው በቁርባን ነው። በእኛ አገር ባልና ሚስት ልጅ አሳድገው፣ ድረው፣ ዕድሜያቸው ገፋ ሲል አብረው ይቆርባሉ። ከዚያ ወዲያ መፋታት የለም። አንዱ ብቻውን ልቁረብ ቢልም አይሆንለትም፤ ሁለቱም እሺ ማለት አለባቸው። እኔ ፈልጌዋለሁ። እኩዮቼ ሁሉ ቆርበው መቅደስ ውስጥ ሲያስቀድሱ፣ እኔ ፍኖተ ሰላም ላይ ስም ያለኝ ሰው፣ ውጭ ዛፍ ሥር ከጎረምሳ ጋር መቆም ሰልችቶኛል። የንስሐ አባታችን በመጡ ቁጥር "እናንተስ መቼ ነው?" ይላሉ። እኔ ወደ ሚስቴ አያለሁ። ሚስቴ ቆሎ ታቀርባለች።

አንድ ቀን ግን ዋጋዋን ቆረጠች።

"ከቆረብሁ በኋላ ከቤትና ከቤተ ክርስቲያን በቀር መሄጃ የለኝም" አለችኝ። "ባሕር አይቼ አላውቅም። መጀመሪያ ዓለምን ያሳዩኝ፤ ስንመለስ እቆርባለሁ።"

"ጣና አለልሽ አይደል?"

"ጣናንማ አየሁት። ማዶው ዘጌ ነው።"

ቶሮንቶ ያለችው ልጃችን ይህን ስትሰማ የቪዛውንም የትኬቱንም ጉዳይ ያዘችው። እኔ ያሰብሁት ሮምን አይተን፣ እሷን ጠይቀን፣ በመጣንበት መመለስ ነበር። "አባዬ፣ በዚያው በጃፓንና በታይላንድ ዞራችሁ ብትገቡ የዋጋው ልዩነት ትንሽ ነው" አለችኝ። ነጋዴን ለማጥፋት ከዚህ የተሻለ አነጋገር አልተገኘም።

በዓለም ምግብ እምነት ስላልነበረኝ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ሽሮ ሻንጣዬን ሞላሁት። ለልጃችን ደግሞ ምርጥ የቡሬ በርበሬ አስፈጨሁ። በላስቲክ ጠቅጥቄ፣ አፉን በጆንያ መርፌ ሰፋሁት። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲያ ሰፍቻለሁ፤ አንድም ቀን ፈስሶብኝ አያውቅም። ግን እኔ የሰፋሁት ሁሌም ዛላ በርበሬ ነበር። የተፈጨ በርበሬ መርፌ በገባበት ሁሉ ይወጣል። የእኔ ሻንጣ ስለሞላ ያስቀመጥሁት ሚስቴ ሻንጣ ውስጥ ነው።

ሮም ስንወርድ የጉምሩክ ውሻ ሻንጣዋን አሸተተና ማስነጠስ ጀመረ። አላቆም አለ። ፖሊሱ ውሻውን አቀፈው፣ አባበለው፣ ከዚያም አፉን ሳመው። ያንኑ የውሻ አፍ ማለቴ ነው፤ ውሻ በዚያ አፍ ምን እንደሚሠራ እኛ አገር ሕፃን ያውቃል። እኔን ያባበለኝ የለም። በሶዬንም ወሰዱት፤ ዱቄቱ ምን እንደሆነ ባስረዳቸው ባስረዳቸው የሚገባቸው አልሆኑም።

ሆቴል ገብታ ሻንጣውን ስትከፍት ነጩ ቀሚሷ ቀይ ሆኗል፤ የውስጥ ልብሷም። አራግፋ ለበሰችው። እንኳን ሰው፣ ግድግዳ የሚያቃጥል በርበሬ ነበር። ግማሽ ቀን ገንዳ ውስጥ ተቀምጣ ዋለች፤ ከዚያ የእኔን ሱሪ በመቀነት አስራ ወጣችና የራሷን ሱሪ ገዝታ ተመለሰች።

"ይኼን ለብሰሽ አባ ቢያዩሽስ?" አልኋት።

"አባ ሮም አሉ እንዴ?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማላውቃት ሴት ሆነች። የቀረበላትን ትበላለች፤ በእጇ ምልክት እየሰጠች ከማንም ጋር ታወራለች። ያየሁትን ያየሁ እኔ ነኝ። ቶሮንቶ ሕንፃቸው ሰማይ ይነካል፤ መጸዳጃ ቤታቸው ግን መታጠቢያ ውኃ የለውም፤ በወረቀት ጠርገው፣ በዚያው እጅ ዳቦ ቆርሰው ይሰጡሃል። ልጄ ቤት ውሻ ሶፋ ላይ ይተኛል። ልጄ፣ በርበሬ ሸጬ ዩኒቨርሲቲ ያስተማርኋት ልጅ፣ ጠዋት ጠዋት ውሻውን ተከትላ ትወጣና ኩሱን በላስቲክ አፍሳ፣ ቋጥራ፣ እንደ ስጦታ አንጠልጥላው ትሄዳለች። አንድ ቀን መንገድ ላይ ያዥልኝ ብላ ለእናቷ ሰጠቻት። እናትየው ያዘችላት። ከዚያ በኋላ ከሁለቱም እጅ ምግብ ሳልቀበል ሰነበትሁ።

ጃፓን ጥሬ ዓሣ አቀረቡልን። ጥሬ ሥጋ እኔም እበላለሁ፤ በሬው ከማን በረት እንደወጣ ጠይቄ፣ ሲታረድ ቆሜ አይቼ። ይኼ ግን ከየት መጣ፣ መቼ ሞተ፣ ማን ባረከው? ሚስቴ አማትባ አንዱን ጎረሰች።

"ምን ምን ይላል?" አልኋት።

"ይቅመሱት።"

"አፍሽን ተጉመጥመጪ።"

ሳቀች። አስተናጋጇም አብራ ሳቀች፤ ምን እንደገባት እንጃ።

ባሕሩ የመጣው መጨረሻ ላይ፣ ታይላንድ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ፌንጣና ትል ጠብሰው በስኒ እየሰፈሩ ይሸጣሉ። እኛ አገር አንበጣ ሲመጣ ጅራፍ ይዘን እናባርራለን፤ እነሱ ዘይት ያሞቃሉ። አፍንጫዬን በነጠላዬ ይዤ አለፍሁ። ባሕሩ ደግሞ የባሰ ነው። የዓሣ አንጀት፣ የበሰበሰ ሣር፣ የፀሐይ ዘይት የተቀባ ራቁት ሰው፣ ሁሉም ባንድ ላይ ይሸታል። ያን ሁሉ ውኃ አይቼ ልጠጣው አልችል፣ ላጠጣበት አልችል፤ ጨው ነው።

ሚስቴ ጫማዋን አውልቃ ሱሪዋን ወደ ላይ ጠቀለለች። እስከ ጉልበቷ ገባች። ብዙ ቆመች። ከዚያ ዳር ወጥታ አሸዋው ላይ ተቀመጠችና በእጇ አጠገቧን መታ መታ አደረገች።

"ይምጡ፣ ይቀመጡ። ማዶ የለውም እኮ።"

"ሽታው አይሰማሽም?"

"ይሰማኛል። ትንሽ ይቀመጡ።"

"ጫማሽን ማን ይጠብቀዋል?"

እውነቴን ነው፤ ወዲያ ወዲህ የሚሉ ልጆች ነበሩ። ጀርባዬን ለባሕሩ ሰጥቼ፣ ሁለት ጫማ በእጄ አንጠልጥዬ፣ ፀሐዩ እስኪገባ ቆምሁ። ጫማው አልጠፋም።

ተዘግቶ የነበረው የአገራችን መንገድ በተከፈተ ሳምንት ፍኖተ ሰላም ገባን። እግሬን ሳልታጠብ የንስሐ አባታችንን አስጠራሁ። መጥተው ተቀመጡ፤ ስለ ሮም ጥቂት ጠየቁ፤ የውሻውን ነገር ስነግራቸው አማተቡ። የሚሰማኝ ሰው አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ "እንግዲህ ቀኑን እንቁረጥ" አሉ።

ሚስቴ ቆሎውን አስቀምጣ ተቀመጠች። በሌላ ጊዜ ተቀምጣ አታውቅም።

"አባ፣ መቁረቡንስ እወደው ነበር" አለች። "ግን እርሳቸው ዓለምን ዞረው አንድ የወደዱት ነገር አላገኙም። መንግሥተ ሰማያትንም ቢያይዋት አፍንጫቸውን የሚይዙ ይመስለኛል። እዚያም አጠገባቸው ልቀመጥ?"

አባ ሳል አመጣባቸው፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሳል አልነበረም።

"ቃልሽስ?" አልኋት። "ስንመለስ እቆርባለሁ አላልሽም?"

"ዓለምን ያሳዩኝ ነው ያልሁት። ያየሁትማ አየሁ። እርስዎ መቼ አሳዩኝ? ጫማ ሲጠብቁ አልነበር?"

አባን አየሁ። እሳቸው ቆሎውን አዩ። ስንት ዓመት ስገዛና ስሸጥ ኖሬ፣ እንዲህ ያለ ውል አይቼ አላውቅም። አባ "ሁለቱም እሺ ካላሉ አይሆንም ልጄ፤ ታውቀዋለህ" ብለውኝ መስቀላቸውን አሳልመው ወጡ።

ይኸው ወር አልፎታል። ሚስቴ ቁርስ ታቀርባለች፣ ደኅና አድረዋል ትለኛለች፣ አልተጣላንም። ወደ ገበዝ ማርያም ለቅሶ ስትሄድ ከቀሚሷ ሥር ያን ሱሪ ትለብሳለች፤ ለብርዱ ነው ትላለች። ጎረቤቶች ተሰብስበው ስለ ባሕሩ ሲጠይቋት ሰዓት ሙሉ ታወራለች። ወደ እኔ ሲዞሩ የምነግራቸው ሽታውን ነው፤ ሌላ የማውቀው የለኝም። እሑድ እሑድ ዛፉ ሥር እቆማለሁ። ጎረምሶቹ ቦታ ይለቁልኛል።

መጋዘኑ ተሸጧል፤ ባሕሩ ታይቷል፤ ሚስቴ ቤት አለች፤ ቁርባን የለም።